ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለው ሥራ የቤታችን ነው
ጀርባው ክፍት ሆኖ ስለተወለደ ልጅ አስተዳደግ

በዚህ ዕትም በሹክሹክታ እንጂ በአደባባይ ስለማይወራ አንድ ጉዳይ እንጨዋወታለን። ይኸውም ጀርባው ላይ ክፍት ሆኖ ወይም እብጠት ይዞ ስለሚወለድ ሕፃንና ስለ አስተዳደጉ ነው። ሐኪሞች ስፓይና ቢፊዳ ይሉታል።

ስለ በሽታ መጻፍ የሐኪም እንጂ የመምህር ሥራ አይደለም የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ልጆች በምንመዘግብበት ጊዜ እኛ መምህራን አንድ ነገር እናያለን። «ሌላ ለትምህርት የደረሰ ልጅ አለ ወይ?» ብለን ስንጠይቅ ዝም የሚሉ ወላጆች አሉ። ቆይቶ ጎረቤት ይነግረናል። ልጁ አለ፤ ይናገራል፣ ይጫወታል፣ ፊደል ሊቆጥር ይችላል። ታዲያ ለምን ቀረ? «ሽንቱን አይቆጣጠርም፣ እንዴት ከሰው ልጅ ጋር ይቀመጣል?» ነው መልሱ።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ መልእክት አንድ ነው። ጀርባውን መዝጋት የሐኪም ሥራ ነው፤ በአንድ ቀን ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን በሳሙናና በውሃ፣ በሜትርና በሰዓት፣ በቤት ውስጥ የሚሠራ የየዕለት ሥራ ነው። ልጁን በሕይወት የሚያቆየውም፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ የሚያደርሰውም እሱ ነው። ለመሥራትም ሀብታም መሆን አያስፈልግም፤ መማር ግን ያስፈልጋል።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ምንድን ነው?

ሕፃኑ ገና በማኅፀን ሳለ፣ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ክፍል መጀመሪያ እንደ ጠፍጣፋ ቅጠል ሆኖ ነው የሚታየው። ያ ቅጠል ይጠቀለልና እንደ ቱቦ ይዘጋል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ቱቦው ታችኛው ጀርባ አካባቢ ሳይዘጋ ከቀረ ስፓይና ቢፊዳ ይሆናል። በላይ በኩል፣ ጭንቅላት ላይ ሳይዘጋ ከቀረ ደግሞ ሕፃኑ በሕይወት አይቆይም።

28 ቀን ማለት ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ የማያውቁበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከዚያ በኋላ እናት የሠራችው ሥራ፣ የተሸከመችው ባልዲ፣ የወደቀችው መውደቅ፣ ያየችው ግርዶሽ፣ የሰው ዓይን፣ አንዱም ይህን አላመጣውም። ጥፋተኛ የሚፈለግበት ጉዳይ አይደለም።

በካርቲየ 3 የሚኖሩ አንዲት እናት (ስሜ አይጠቀስ ስላሉ አልጠቅሰውም) እንዲህ አሉኝ፦ «ቲቸር፣ አማቴ የእርግማን ነው አሉ። ጎረቤት ግርዶሽ አይተሽ ነው አለችኝ። ባሌ ግን ምንም አላለም። እኔን የጎዳኝ የሱ ዝምታ ነው።» አባቶች ሆይ፣ ይህንን ልብ በሉልኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ የመጀመሪያው መድኃኒት «አይዞሽ፣ አብረን እናሳድገዋለን» የሚለው ቃል ነው።

በሀገራችን ብዙ ነው

ብዙ ወላጆች ይህ ነገር በነሱ ላይ ብቻ የደረሰ ይመስላቸዋል። አይደለም። በዓለም ደረጃ የነርቭ ቱቦ አለመዘጋት ከ10,000 ወሊድ በ19 ያህሉ ላይ እንደሚደርስ ይገመታል። በኢትዮጵያ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በአዲስ አበባ በሦስት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የተደረገና በ2018 የታተመ ጥናት ከ10,000 ወሊድ 126 አግኝቷል። በትግራይ በስድስት ሆስፒታሎች የተደረገውም 131 ነው ያገኘው። በሆስፒታል የተቆጠረ ነውና ቤት የወለዱትን አይጨምርም። ቢሆንም ከመቶ ወሊድ አንድ ማለት ነው። እንግዲህ ከዚህ መንደር ስንት ቤት እንደሚነካ አስቡት።

ዋናው ምክንያት ተብሎ የሚታመነው የፎሊክ አሲድ እጥረት ነው። በ2016 የወጣው ሀገር አቀፍ የንጥረ ምግብ ጥናት፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ኢትዮጵያውያት 84 በመቶ የሚሆኑት በደማቸው ያለው ፎሌት ይህን ችግር ለመከላከል እንደማይበቃ አሳይቷል። በዚህ ላይ በኋላ እንመለሳለን።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ሕፃኑ ሲወለድ ጀርባው ላይ እብጠት ወይም ክፍት ቁስል ካለ፣ ቅቤም፣ ቅጠልም፣ አመድም አይቀባም። በንጹሕ የጨው ውሃ (ሆስፒታል የሚሰጠው) በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል። ሕፃኑ በሆዱ ወይም በጎኑ ይተኛል፤ በጀርባው አይተኛም። የእናት ጡት ይጠባል። ከተወለደ በ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ቢዘጋ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ክፍቱ ኢንፌክሽን የሚገባበት በር ነው። ከዘገየም ግን «አለፈኝ» ተብሎ አይተውም፤ በማንኛውም ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ጸበል የሚያስጠምቅ ያስጠምቅ፣ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ። ሁለቱም ከሐኪም ጋር አይጣሉም። ጊዜው ግን እንዳያልፍ።

ቀዶ ጥገናው የሞተውን ነርቭ አያስነሳም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ወላጅ «ተሠርቶለትም አልተራመደም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። መራመዱ የሚወሰነው ክፍቱ በነበረበት ቦታ ነው። ታች ከሆነ ብዙዎቹ በራሳቸው ወይም በድጋፍ ይራመዳሉ፤ ከፍ ያለ ከሆነ ዊልቸር ያስፈልጋል። እግሩ የተጣመመ ከሆነ ደግሞ በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ ቀስ በቀስ የሚቃናበት ዘዴ አለ፤ በሕፃንነቱ ሲጀመር ይቀላል።

ጭንቅላቱን በሜትር

ጀርባቸው ክፍት ሆኖ ከሚወለዱት አብዛኞቹ ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ ይጠራቀምባቸዋል። ሃይድሮሴፋለስ የሚባለው ይህ ነው። አንዳንዴ ጀርባው ከተዘጋ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው የሚታየው። ስለዚህ ወላጅ የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዝ።

በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን፣ ከቅንድብ ከፍ ብሎ ከኋላ በኩል ጎልቶ በሚታየው የጭንቅላት ክፍል ዞሮ ይለካ፤ ቁጥሩም ከነቀኑ ይጻፍ። ጤነኛ ሕፃን ሲወለድ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በወር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከዚያም በወር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ከዚህ በፍጥነት ከጨመረ፣ እርግብግቢቱ ካበጠች፣ ዓይኑ ወደ ታች ከተተከለ፣ ካስመለሰው፣ ሳይነቃ የሚያንቀላፋ ከሆነ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

ሕክምናው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሻንት ነው፤ ውሃውን ከአንጎል ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ከቆዳ ሥር ይገባል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሊደፈን ወይም ሊመረቅዝ ይችላል። ሻንት ያለው ልጅ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ትኩሳት ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ካሳየ «ወባ ይሆናል» ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው። ሁለተኛው ዘዴ በአፍሪካ ምድር ያደገ ነው። በምሥራቅ ኡጋንዳ ምባሌ ከተማ ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ የሚባሉ አሜሪካዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም፣ ለመንገድም ለገንዘብም የራቁ እናቶች ሻንት ሲደፈን ቶሎ መመለስ እንደማይችሉ ስላዩ፣ በካሜራ እየታየ ውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚከፍትና ውሃ የሚያመነጨውን ክፍል የሚያደክም ቀዶ ጥገና አዳበሩ። ውጤቱን በ2005 አሳተሙ። ዘዴው ለሁሉም ልጅ አይሆንም፤ ዛሬ ግን በሀብታም ሀገሮችም ጭምር ይሠራበታል።

በኢትዮጵያም መንገዱ ቀድሞ እንደነበረው አይደለም። በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ባለሙያዎቹ በዝተዋል። ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ ሆስፒታሎች እንዲህ ያሉ ሕፃናትን ያክማሉ።

ዋናው ጉዳይ፦ ሽንት

አሁን ወደ ልቡ ገባን። ጀርባቸው በደንብ ተዘግቶላቸው፣ ጭንቅላታቸውም ታክሞ፣ ዓመታት ቆይተው የሚጎዱ ልጆች አሉ። የሚጎዳቸው ኩላሊት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ሽንት ፊኛ የሚሄደው ነርቭ ስለተጎዳ ፊኛው መቼ እንደሚጨመቅ፣ መቼ እንደሚከፈት አያውቅም። ልጁ ቀኑን ሙሉ ይንጠባጠብበታል። ወላጅም «ሁልጊዜ እየወጣ ነውና ውስጡ ባዶ ነው» ይላል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የሚንጠባጠበው ሞልቶ የተረፈው ነው፤ ውስጡ ሙሉ ነው። የቆመ ሽንት ይመረቅዛል፤ ግፊቱም ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊትን ያበላሻል። ልጁ ነርቩ ስለደነዘዘ ሕመሙ አይሰማውም። ኩላሊት ዝም ብሎ ነው የሚያልቀው።

መፍትሔው በ1972 ጃክ ላፒደስ የሚባሉ የአሜሪካ ሐኪም ያሳወቁት ነው። ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) በሽንት መውጫ አስገብቶ ፊኛውን ባዶ ማድረግ፣ ከዚያ ማውጣት፤ ይህንንም በየሦስትና አራት ሰዓቱ መደጋገም። በዚያን ጊዜ ሐኪሞች ይህ በሆስፒታል፣ ጀርም በሌለበት ክፍል ካልሆነ አይሞከርም ይሉ ነበር። ላፒደስ ያሳዩት ግን ንጹሕ እጅ እንደሚበቃ፣ ከንጽሕናው ይልቅ ወሳኙ ፊኛው በሰዓቱ ባዶ መሆኑ እንደሆነ ነው። ለእኛ ለድሆች ከዚህ የበለጠ የምሥራች የለም።

አሠራሩን መጀመሪያ ነርስ ወይም ሐኪም በዓይናችሁ እያያችሁ ያሳያችሁ። በራሳችሁ ግምት አትጀምሩ። ከተማራችሁ በኋላ ግን እንዲህ ነው፦

1. እጅን በሳሙና መታጠብ፤ የልጁንም አካባቢ በንጹሕ ውሃ ማጠብ።
2. ቱቦውን በሚያለሰልስ ጄል ቀብቶ በቀስታ ማስገባት፤ በኃይል አለመግፋት።
3. ሽንቱ እስኪያልቅ መጠበቅ፣ ከዚያ በቀስታ ማውጣት።
4. ቱቦው በነርሷ ምክር ተደጋግሞ የሚሠራበት ከሆነ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ውስጡንም ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥ።

ሽንቱ ከደፈረሰ፣ ከሸተተ፣ ትኩሳት ከመጣ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ እነዚህ ልጆች ላቴክስ በሚባለው ጎማ ላይ አለርጂ የማውጣት ዕድላቸው ከፍተኛ ነው። የጎማ ጓንት፣ የላቴክስ ካቴተር፣ ልጆች ለበዓል የሚነፉት ፊኛ ሳይቀር ይራቅላቸው። ለሐኪሙም አስቀድማችሁ ንገሩ።

ያቺን እናት ሰዓቱን እንዴት እንደሚያስታውሱ ጠየቅኳቸው። ሳቁና፦ «እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ሰዓቴ ግን የመስጊዱ አዛን ነው። ጠዋት ሲነሳ አንድ፣ በዕረፍት ሰዓት አንድ፣ በዙህር፣ በአስር፣ በመግሪብ፣ ከዚያ ሊተኛ ሲል። አዛን ሲል ልጁ ራሱ ቱቦዬን አምጪ ይለኛል።» ልጁ አሁን ስምንት ዓመቱ ነው፤ ራሱ ማድረግ እየተማረ ነው። ብዙ ልጆች በስድስትና በስምንት ዓመት መካከል ይህን መማር ይችላሉ።

ውሃ አትቀንሱበት

እንዳይረጥብ ብለው ለልጁ ውሃ የሚቀንሱ ወላጆች አሉ። በዚህ በጅቡቲ ሐሩር፣ ከሰኔ ጀምሮ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበትና ካምሲን በሚነፍስበት ወቅት፣ ይህ ሌላ ጉዳት ነው። ውሃ ሲያንስ ሽንት ይወፍራል፣ ኢንፌክሽንም ይበረታል፣ ሆድም ይደርቃል።

ሆድ ድርቀት ደግሞ የነዚህ ልጆች ሌላው ፈተና ነው። የተሞላ አንጀት ፊኛውን ይጫነዋል፤ ሻንቱንም ሊያውክ ይችላል። መላው ልማድ ነው። ከምግብ በኋላ አንጀት በተፈጥሮው ይንቀሳቀሳልና፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ከቁርስ ወይም ከእራት በኋላ ልጁን ለ10 ደቂቃ ያህል ማስቀመጥ። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ፍራፍሬ ይብላ፤ ነጭ ዳቦና ሩዝ ብቻ ከሆነ ይደርቅበታል። ከወራት በኋላ አንጀቱ ሰዓቱን ይለምዳል።

ቆዳውንም ተመልከቱ። የማይሰማ እግር አይጮህም። በፀሐይ የጋለ ሲሚንቶ፣ የቆርቆሮ በር፣ የከሰል ምድጃ፣ የሞቀ ውሃ ያቃጥለዋል፤ እሱ ግን እየሳቀ ይጫወታል። ማታ ማታ ልብሱ ሲወልቅ እግሩን፣ ጉልበቱን፣ መቀመጫውን በመብራት እዩ። ቀይ ሆኖ የማይመለስ ቦታ ካለ በዚያ ላይ አይቀመጥ፣ አይተኛ። ሲድህ ካልሲና ረጅም ሱሪ ይልበስ። ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ የሚውል ከሆነ በየጊዜው ከመቀመጫው ከፍ ይበል።

ለመምህራን ባልደረቦቼ

እንዲህ ያለ ልጅ ክፍላችን ሲመጣ የምንሰጠው ብዙ አይደለም። በር አጠገብ መቀመጫ፣ በዕረፍት ሰዓት መጋረጃ ያላት ትንሽ ቦታ፣ ንጹሕ ውሃና ሳሙና፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ የመውጣት መብት። ከሁሉ በላይ «ይሸታል» የሚል ልጅ ሲኖር ወዲያው ማስቆም።

አንድ ነገር ደግሞ እንወቅ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ የነበረባቸው ልጆች ብዙውን ጊዜ አንደበተ ርቱዕ ናቸው፤ ያወራሉ፣ ይተርካሉ። ሒሳብ ላይ፣ ብዙ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ መያዝ ላይ ግን ይቸገራሉ። ይህን ያላወቀ መምህር «አፍ ብቻ ነው፣ ሰነፍ ነው» ይላል። ስንፍና አይደለም። ትእዛዙን አንድ በአንድ እንስጠው፣ ጊዜ እንጨምርለት፣ በጠጠርና በእንጨት ያስላ።

ጅቡቲ በጥር 2017 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ ትምህርትንና ጤናን ለስደተኛ መብት አድርጎ ደንግጓል። መብቱ በወረቀት ነው ያለው፤ ልጁን ከቤት አውጥቶ ማስመዝገብ ግን የወላጅ እግር ይጠይቃል።

ጎረቤት ሕይወት ያድናል

ይህን ያልኩት ለማጽናናት ብቻ አይደለም። እነዚያው የኡጋንዳ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በምባሌ ጀርባቸው የተዘጋላቸውን ሕፃናት ተከታትለው ነበር። ሆስፒታሉ አንድ፣ ሐኪሙም አንድ ነው። ነገር ግን በመንደራቸው ቤት ለቤት እየዞረ ወላጅን የሚያስተምርና የሚከታተል የማኅበረሰብ ተሐድሶ ፕሮግራም የነበራቸው ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ በሕይወት ቆዩ፤ እንዲያውም ከአካባቢያቸው ጤነኛ ሕፃናት ጋር ተቀራራቢ ሆኑ። ልዩነቱን ያመጣው ደጃፍ የሚያንኳኳ ሰው ነው።

እኛስ? በካርቲየ 3፣ በአሊ አዴ፣ በሆልሆል እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ቢተዋወቁ ምን ይከለክላቸዋል? የለመደችው እናት ለአዲሷ እናት ካቴተር አያያዝ ብታሳያት፣ ወደ ሆስፒታል ስትሄድ ጎረቤት ሌሎቹን ልጆች ቢይዝላት፣ ፈረንሳይኛ ወይም ሶማልኛ የሚችል ሰው አብሯት ቢሄድ። ዕድርና ዕቁብ የፈጠርን ሕዝብ ይህ አያቅተንም።

የሚቀጥለው እርግዝና

አሁን ቀደም ብለን የተውነውን እናንሳ። በ1991 በብሪታንያ መሪነት በሰባት ሀገሮች የተደረገ ጥናት፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ ሴቶች ከመፅነሳቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

ታዲያ «እኔ እርጉዝ ሳለሁ ኪኒን ወስጃለሁ» የምትሉ አላችሁ። ለክትትል ስትሄዱ የሚሰጣችሁ የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ለደም ይጠቅማል፤ ይወሰድ። ነገር ግን ብዙዎቻችን ክትትል የምንጀምረው ከሦስተኛው ወር በኋላ ነው። ቱቦው የሚዘጋው በ28 ቀን ነው ብለናል። ለዚህ ጉዳይ ዘግይቷል ማለት ነው።

ስለዚህ፦ ልትወልድ የምታስብ ማንኛዋም ሴት ከመፅነሷ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ጀምራ እስከ ሦስተኛው ወር መጨረሻ በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ግን አሥር እጥፍ ገደማ ያስፈልጋታል፤ ይህንንም ሐኪም ያዝላታል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በተለይም ቫልፕሮኤት የምትወስድ ሴት ከመፅነሷ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ በራሷ ግን መድኃኒቱን አታቋርጥ።

ጎመንና ምስር ፎሌት አላቸው፤ ነገር ግን በማብሰል ብዙው ይጠፋል፤ ብቻውን አይበቃም። ለዚህ ነው መንግሥታት በዱቄት ውስጥ የሚጨምሩት። ደቡብ አፍሪካ በ2003 ዱቄት ላይ መጨመርን ግዴታ ካደረገች በኋላ የነርቭ ቱቦ ችግር በ30 በመቶ ያህል ቀንሷል። ኢትዮጵያም በ2022 ለስንዴ ዱቄት አስገዳጅ ደረጃ አጽድቃለች። በሰፈር ወፍጮ የሚፈጨውን ጤፍና በቆሎ ግን ይህ አይነካውም። ስለዚህ ኪኒኑ እስከ ዛሬም ቀላሉ መንገድ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ አትደብቁት። ሜትር ያዙ፣ ሳሙና አዘጋጁ፣ ሰዓት ወስኑ፣ ነርሷን «አሳዪኝ» በሉ። ጎረቤት ከሆናችሁ ደግሞ ቡና ስታፈሉ ያቺን እናት ጥሯት፤ ልጇንም ይዛ ትምጣ። የምዝገባ ጊዜ ሲደርስም ልጁን ይዛችሁ ኑ። ለሱ የሚሆን ቦታ በር አጠገብ አለ።

ቸር ይግጠመን።